ባቲን የሚቃኘው ማነው?

ሰኞ ሰኞ በባቲ ከተማ ታላቅ ገበያ ይቆማል። ከቆላው ግመሉን እየሳበ የሚወጣው አፋር፣ ከደጋው እህሉን ጭኖ የሚወርደው ገበሬ፣ የኦሮሞው፣ የአማራውና የአርጎባው ነጋዴ በአንድ ሜዳ ተገናኝተው ሲሸጡና ሲለውጡ ይውላሉ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው አውራ ጎዳና በዚህችው ከተማ ያልፋል። ይሁን እንጂ የባቲን ስም ከጎዳናው ይልቅ አርቆ የወሰደው የክራር አውታር ነው። የኢትዮጵያ ዘፈን ከሚመራባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው። ከሁለቱም ባቲ ዛሬ መቀመጫው ከሚሴ በሆነው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ይገኛል።

ታዲያ ስሙ ይህን ያህል የናኘው ባቲ ሲዜም ትክክለኛው ባቲ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሡ የሙዚቃ ወዳጆችና ሐያስያን መልሱን የሚፈልጉት ከሸክላ መደርደሪያ ላይ ነው። የጥንቱን ሸክላ ከካሴቱ፣ ካሴቱን ከሲዲው፣ ሲዲውን ከቅርብ ጊዜው ሥራ እያስተያዩ ማዕረግ ያድላሉ። «ዋናው ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ግልባጭ ነው» ሲሉም ይፈርዳሉ። ከዚያ ሸክላ ፈቀቅ ያለ ተጫዋች ቢያጋጥማቸው ቅኝት እንዳጠፋ ይቆጥሩታል። ማስተያየት በራሱ ነውር የለበትም፤ አድማጭ ጆሮውን የሚስለው በዚሁ ነው። የተበላሸው ሚዛኑ ነው።

ሚዛኑ የተሠራው ለሌላ ዕቃ ነበርና። በአውሮፓ የሮማንቲክ ዘመን ደራሲ ሲምፎኒውን በኖታ ጽፎ ይተወዋል፤ መሪውና ኦርኬስትራው ይለዋወጣሉ፣ ኖታው ይቆያል። አድማጩ የካራያንን አመራር ከዮኹም አመራር ጋር ሲያስተያይ ሁለቱም የሚመለሱበት ወረቀት አለ። እንዲያውም እዚያም ቢሆን ነገሩ እንደሚታሰበው የቀና አይደለም። አንቶን ብሩክነር ስምንተኛ ሲምፎኒውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ከጨረሰ በኋላ፣ የሚያከብረው መሪ ሄርማን ሌቪ አልቀበልም ስላለው እንደገና ሠርቶ በ1890 ፈጸመው። ደራሲው ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሮበርት ሃስ በ1939፣ ሌዎፖልድ ኖቫክ በ1955 እርስ በርሱ የማይመሳሰል እትም አወጡ። ካራያን የሃስን መረጠ፤ ዮኹም የኖቫክን። ጉስታቭ ማህለር ደግሞ የሹማንን ሲምፎኒዎች የመሣሪያ ድልድል በገዛ እጁ እያሻሻለ ያስጫውት ነበር። ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በቤተ መጻሕፍት ተቆልፎበት የሚኖር ሥራ እንኳ «ዋናው የቱ ነው?» ሲባል ይህን ያህል ካከራከረ፣ ከወረቀት ያልተወለደውን ባቲ በአንድ ሸክላ መዳኘት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የክራር ተጫዋች ባቲን ሲቃኝ የሚነሣው ከዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ዘፋኙ ብዙ ጊዜ ራሱ ነው። አንዱን አውታር ከድምፁ ጋር ካስማማ በኋላ ሌሎቹን ከዚያው ላይ እየለካ ያጠብቃል፣ ያላላል። የባቲን ጠባይ የሚሰጠው የድምፆቹ ቅጥነትና ውፍረት አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ሁለት ሰፋፊ ዝላዮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ዝላይ መድረሻ ላይ ደግሞ ጠባብ እርምጃ ትከተላለች። ያቺ ጠባብ እርምጃ ምን ያህል ትጥበብ? የባቲ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተጫዋች ጥቂት ያሰፋታል፣ ሌላው ያስጠጋታል፤ ያው ሰው እንኳ በኀዘን ስንኝና በጨዋታ ስንኝ ላይ አንድ አድርጎ አይነካትም። በሙዚቃ ትምህርት ቤት «ባቲ ሜጀር»፣ «ባቲ ማይነር» እየተባለ የሚሰጠው ስያሜ ለማስተማር ይመቻል። አሸናፊ ከበደም ሆኑ ዕዝራ አባተ ስለ ክራርና ስለ ቅኝት የጻፉት ጥናት ለዘርፉ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ስያሜው የተበደረ ልብስ መሆኑን የዘነጋ ተማሪ፣ ልብሱን ለመገላው ቆዳ አድርጎ ያየዋል።

ሸክላውስ ራሱ ምን ነበር? ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን ባስቀረጹ ጊዜ የአንዱ ሸክላ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዝ ነበር። አርቱር ኒኪሽ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን እየመራ በ1913 የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ያስቀረጸው በስምንት ገጽ ተከፋፍሎ ነው፤ አድማጩም ተነሥቶ ሸክላ እየለወጠ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ንጉሣዊ ድንጋጌ የሸክላውን ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ቆየ፤ ወጣቱ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ የራሱን ሸክላ እስኪያሳትም ድረስ። ከዚያ እስከ 1978 ባሉት ዓመታት 500 ያህል ትናንሽ ሸክላዎች ወጡ። የእነዚህም ገጽ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። በአዝማሪ ቤት ግን ባቲ በደቂቃ ተመትሮ አያውቅም፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ስንኝ ይጨመራል፣ ተቀባዩ ግጥም ይወረውራል፣ ዘፋኙ ያነሣዋል። ሐያሲው «እንዴት የተመጠነ ባቲ!» ብሎ የሚያደንቀው ምጣኔ የሰም ምጣኔ ነው፤ መጣኙም ማሽኑ ነው።

ይህን ሲባል ሸክላውን ማቃለል አይደለም። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራው ያን ዘመን ከመጥፋት ባያድነው ኖሮ ለክርክሩም ማስረጃ አይገኝም ነበር። የዚሁ ተከታታይ 10ኛው ቅጽ በትዝታ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ለማስተያየት ከዚያ የተሻለ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል። ጌታቸው ካሳ ትዝታን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በፍጥነት ዘፍኖታል። አንድ ጉሮሮ፣ አንድ ቅኝት፣ ሁለት ዓይነት ናፍቆት! የሸክላው ዳኛ ከሁለቱ የትኛውን «ዋናው» ሊለው ነው? ጌታቸው ራሱ ሁለቱንም ትቶልናል ብሎ ዝም ከማለት በቀር መልስ የለውም።

ወደ ባቲ ሲመለሱ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። እጅጋየሁ ሽባባው «ባቲ ባቲ»ን በ2003 እ.ኤ.አ. «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በተባለው ስብስብ ውስጥ፣ ከአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ጋር ሆና አውጥታዋለች። የተወለደችው ጎጃም ቻግኒ ነው፤ ከዙሪያዋ የሌላ አገር ከበሮና ጊታር አለ። በሸክላ መደርደሪያው ሕግ ይህ ባቲ መጀመሪያውኑ ከበር መመለስ ነበረበት። የሚሰማው ግን ድምጿ ሰፊውን ዝላይ ሲሻገር አፋፉ ላይ ጥቂት እንደሚዘገይ፣ ጠባቧን እርምጃም እንደ ወፍራም ክር ሳብ አድርጎ እንደሚለቃት ነው። መሣሪያው ተለውጧል፤ ቅኝቱ ግን ጉሮሮዋ ውስጥ አለ። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ በበኩሉ በ2012 ባወጣው «ጉዞ» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ «የባቲ ቆይታ» የሚል ሥራ አስገብቷል። ፒያኖ የተቆለፈ መሣሪያ ነው። አንዱን ስምንዮሽ በ12 እኩል እርምጃ ከፍሎ ስለሚይዝ፣ ያችን የክራር ጠባብ እርምጃ ማስፋትም ማስጠጋትም አይችልም። እንዲህ ያለው ሥራ ታማኝ የሚሆነው ክራር ነኝ ብሎ ሳይመጻደቅ ሲቀርብ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም የአውሮፓን የሮማንቲክ ፒያኖ ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር ሲያስታርቁ፣ ፒያኖው የጎደለውን በጣታቸው መዘግየትና መፍጠን ይክሱት ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ፒያኖ ባቲን ይጫወት አይጫወት አይደለም። ይጫወት!

ጥፋቱ የሚጀምረው ፒያኖው ክራሩን ማስተማር ሲጀምር ነው። ዛሬ ወጣቱ የክራር ተጫዋች የተንቀሳቃሽ ስልኩን መቃኛ ከፍቶ፣ መርፌዋ መካከል ላይ እስክትቆም ድረስ አውታሩን ያጠብቃል። መርፌዋ የምታውቀው እነዚያን 12 እኩል እርምጃዎች ብቻ ነው። ከኪቦርድ ጋር አብሮ ለመጫወት ይህ ግድ ይሆናል፤ በዚያ ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን ኪቦርድ በሌለበትም፣ ብቻውን ተቀምጦ ሲያንጎራጉርም እንዲሁ ከቃኘ፣ በጆሮው የሚለካው ነገር አይኖርም። ሐያሲውም አለሁ ብሎ ያግዘዋል፤ የስልኩን ባቲ «የጠራ»፣ የሽማግሌውን ባቲ «የተዛነፈ» ይለዋል። ሳይታወቅ የተከናወነውን ግልበጣ ልብ ይሏል፦ ቅጂው ዳኛ፣ የቅኝቱ ባለቤት ተከሳሽ ሆኑ።

ይህ ፍርድ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ስሙን ባወረሰው አገር ላይ ነው። ባቲ ለውጭ ሰው ብዙ ጊዜ በስም ብቻ ስትታወቅ ኖራለች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተራቡ ወገኖች የተጠለሉባት ጣቢያ ሆና በዓለም ዜና ታየች፤ ከዚያ ውጪ የቅኝት ስም ናት። በዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ገበያተኛው በኦሮምኛ ተገበያይቶ በአማርኛ ይቀልዳል፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር በአንዱ ጀምሮ በሌላው መጨረስ በወሎ እንደ ድንቅ አይታይም። ከላይ ከተነሡት ሁለት የባቲ ሥራዎች ግን አንዱ የሚዘፈነው በአማርኛ ነው፤ ሌላው የፒያኖ ነው። በወዳጃ ላይ በድቤ የሚታጀበው መንዙማ፣ በሰርግ የሚባለው የኦሮምኛ ዘፈን፣ ከብት ሲጠበቅ የሚንጎራጎረው ዜማ የባቲን እርምጃ እንዴት ይረግጣል? ከአምባሰሉ በምን ይለያል? «ዋናው ባቲ ይህ ነው» ያለ ሰው ይህን ሳይሰማ መፍረዱ፣ ምስክር ሳይጠራ ችሎት እንደ መዝጋት ነው።

ስለዚህ ማስተያየት የሚወድ ሁሉ ከመደርደሪያው ተነሥቶ ከሚሴ ይውረድ። የባህል መሥሪያ ቤቱም የመቅረጫ ዕቃውን ይስጠው። በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ ገበያ ዙሪያ ያሉ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋቾች፣ የመንዙማ አውጪዎችም፣ የስልክ መርፌ ሳያዩ፣ ሰዓት ሳይቆጠርባቸው፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ይቀረጹ። ከዘፈኑ በፊት መቃኘቱም ጭምር ይቀረጽ፤ ሸክላ አሳታሚዎች ሁልጊዜ ቆርጠው የሚጥሉት እርሱን ነውና። ማን እንደቃኘ፣ ከማን እንደተማረ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይመዝገብ፤ አንዱ ቅጂ ከሚሴ ይቅር፣ አንዱ አዲስ አበባ ይምጣ። ያን ጊዜ የድሮው ሸክላም፣ የእጅጋየሁ «ባቲ ባቲ»ም፣ የሳሙኤል ፒያኖም አጠገባቸው ይቀመጡና ማስተያየቱ ይጀመር።