የሐሙሲት ውሻ ለምን ያክካል?

ከሐሙሲት እስከ ወረታ የግቢው ውሻ ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል፣ ቀን ቀን አመድ ላይ ወይም ከሩዝ ገለባ ክምር ሥር ይተኛል። ማከክ ሲጀምር ማንም ልብ አይለውም። ጠጉሩ ተመልጦ ቆዳው እንደ ዝሆን ሲወፍር ነው «ይሄ ውሻ ምን ነካው?» የሚባለው።

ከዚያማ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት ይላል፤ ሌላው ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን በጥብጣችሁ እጠቡት ይላል። ውሻ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል፤ በእከክ ያልሞተው በመርዝ ሊሞት ይችላል።

የፈረንጅ ዝርያ የሚያሳድጉ ከተሜዎች በበኩላቸው ሁሉንም «አለርጂ» ይሉታል። አለርጂ በእርግጥ አለ። ለአበባ ብናኝ፣ ለቤት አቧራ ወይም ለምግብ ቆዳው የሚቆጣ ውሻ መዳፉን ይልሳል፣ ጆሮው ደጋግሞ ይመረቅዛል። የደጅ ውሻ ላይ ግን አለርጂ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቁንጫና እከክ ይቀድማሉ።

ሁለቱን መፈተሽ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጓንት አድርጎ የጆሮውን ጫፍ አጥፎ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ነው፤ የኋላ እግሩ ወዲያው አየሩን ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬው ወደ እከክ ያደላል። ለቁንጫው ጠጉሩን እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ማበጠር ይበቃል። የረገፈው ጥቁር ነጥብ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙም ከውሻው የተመጠጠ ደም ነው። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበትን ውሻ ጥቂት ንክሻ ብቻ ለሳምንታት ሊያሳክከው ይችላል። አብዛኛው ቁንጫ ደግሞ እንቁላልና እጭ ሆኖ ያለው መኝታው ላይ ነው። ገለባው ሳይቀየር፣ የግቢው ውሾችና ድመቶች በሙሉ ሳይታከሙ አንዱን ብቻ ማጠብ ውኃ ማባከን ነው።

የአማራ ክልል ሰው እከክን ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው 379 ሺህ ያህሉ እከክ ተገኝቶባቸዋል። ያ የሰው እከክ ነው፤ የውሻው ተባይ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሰው ላይ ቢወጣ ያሳክካል እንጂ ሰፍሮ አይዘልቅም፤ ውሻው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ እሱም ይጠፋል።

መድኃኒቱም እሩቅ አይደለም። ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል በዚያው 2008 ዓ.ም. መስከረም የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት ሥራ ያስገኘው አይቨርሜክቲን ለከብት በመርፌ ይሸጣል። ችግሩ ልኬቱ ነው። የከብቱ መርፌ 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ የተሰላ ነው፤ 15 ኪሎ ለማይሞላ ውሻ በዓይን ግምት መውጋት ቁማር ነው። ኮሊና መሰል ዝርያዎችን ደግሞ መድኃኒቱ አንጎላቸው ድረስ ዘልቆ ሊገድላቸው ይችላል። መጠኑን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ነው። ማሳከኩን ቶሎ የሚያስታግሰው ፕሪድኒሶሎንም ያለ ምርመራ ከተሰጠ እከኩን ያባብሳል።

ቁንጫውም እከኩም ጠፍቶ ማከኩ ካልቆመ ያኔ ምግብ ይጠርጠር። ውሾችን በብዛት ከሚያስቆጡት ምግቦች የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ይገኙበታል። መፈተኛው ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን ብቻ ለ8 ሳምንት መመገብ ነው። ባሕር ማዶ ለዚህ ተብሎ ከሚሸጡት ውድ ምግቦች አንዳንዶቹ ዓሣና ሩዝ ናቸው። የጣና ዓሣና የፎገራ ሩዝ ደጁ ላይ ላለው ሰው፣ ውሻው እነሱን ለምዶ ካላደገ፣ አጥንቱ ወጥቶ የተቀቀለ ዓሣ ከሩዝ ጋር ይበቃል። የሚያስቸግረው ልጆቹን ቁራሽ እንዳይጥሉለት መከልከሉ ነው፤ በዓል መሀል ከገባማ ፈተናው እንደገና «ሀ» ተብሎ ይጀመራል።