ጥሪቴን ቆሰበር ላፍስሰው?

«ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሠርቼ የተመለስኩ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። በላቤ ያጠራቀምኳት ጥቂት ገንዘብ አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ከቆሰበር እየደወለ ‹ብሩን ላኪልኝ፣ መሬት ልግዛና ዲከረንስ እንትከልበት፣ በአምስት ዓመት እጥፍ ይሆናል› ይለኛል። እጮኛዬ ደግሞ ‹እዚያ ሄዶ ከሚቀር እዚሁ ሚኒባስ እንግዛበት› ባይ ነው። በኔ ገንዘብ ሁለቱ ተኮራርፈዋል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከመገናኛ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ወንድምሽ ስለ ከተማው ያለው ሐሰት አይደለም። የፈራንለት ስለ ዛፉና ስለ መሬቱ ያለው ነው።

መጀመሪያ ስለ ከተማው። ቆሰበር፣ ማለትም እንጅባራ፣ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ 450፣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትልቁ ሀብቱ ግን መገንጠያ መሆኑ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ሁሉ በመሐሉ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ፣ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድም ከዚያው ይነሳል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ሾፌር ይበላል፣ መንገደኛ ያድራል፣ ጎማ ይፈነዳል። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪ ደግሞ ሻይ፣ ፎቶ ኮፒና የቤት ኪራይ ይፈልጋል። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አልጋ የሚፈልግ እንግዳ ብዙ ነው፤ የዘንገና ሐይቅም በቅርብ ርቀት ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። ዲከረንስ የአዊን ገበሬ፣ በተለይ የፋግታ ለኮማን፣ ኑሮ የለወጠ ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፣ ከዚያ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ጎረቤት ያየውን ጎረቤት ተከለ፤ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገባና ብዙ ተክል አደረቀ። ሁሉን በአንድ ዛፍ ላይ ያሳረፈ ሰው እጁን አጨብጭቦ ቀረ። ወንድምሽ ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ ለምን እንዳልነገረሽ ጠይቂው።

መሬትስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። «ልግዛልሽ» ካለሽ ምን ማለቱ እንደሆነ ይንገርሽ። ከተማ ውስጥ ከሆነ የሊዝ ወይም የይዞታ ወረቀቱን አሳይኝ በዪው። ገጠር ከሆነ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ የኪራይ ውል ያስፈልጋል። በደላላ ቃልና በሁለት ሽማግሌ ፊርማ ስድስት ዓመትሽን አትስጪ።

ስለ ጸጥታውም ሳንነግርሽ ብንቀር ወዳጅ አንባልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው፣ ንግድ የቆመባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመንገደኛ የሚኖር ከተማ መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ ይራባል። ስለዚህ ብድር ገብተሽ አትጀምሪ።

እንግዲህ ምክራችን ይኸው፦ ብሩን አትላኪ፣ ራስሽ ሂጂ። ሰላሙን አጣርተሽ አንድ ወር እዚያው ክረሚ፤ ብርዱንና ዝናቡን ቅመሺ። መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብለሽ ሰው ምን አጥቶ እንደሚሄድ ቁጠሪ። ከዚያ ካመነሽበት ከገንዘብሽ ሲሶውን ብቻ አውጥተሽ፣ ቤት ተከራይተሽ፣ የምታውቂውን ሥራ በትንሹ ጀምሪ። የቀረው በባንክ በስምሽ ይቀመጥ። ወንድምሽ አብሮሽ ይሥራ፤ ድርሻውና ደመወዙ ግን በጽሑፍ ይሁን። ውል ወንድማማችን አያጣላም፤ የሚያጣላው «በኋላ እንተሳሰባለን» የሚለው ነው።

እጮኛሽንም ይዘሽው ብትሄጂ ጥሩ ነው። ሚኒባሱም ቢሆን በማን ስም እንደሚገዛ ጠይቀሽዋል? ለወንድምሽ ያቀረብሽውን ጥያቄ ለሱም አቅርቢለት። በጥያቄሽ የሚያኮርፍ ሰው፣ ወንድምም ይሁን እጮኛ፣ ገንዘብሽን እንጂ አንቺን አላሰበም።