ጤናችን፦ የማያሳክከው ምልክት

ባለፈው ሳምንት ስለ ዓይን ማዝ ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ ቆዳ እናወራለን።

ቆዳ ሲያሳክክ ሰው እንቅልፍ ያጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ቶሎ መድኃኒት ይፈልጋል። የማያሳክከውን ግን ዝም ይለዋል። «አላመመኝም፣ ምን አስቸኮለኝ?» ይላል። እኛ የምንፈራው ይህንኑ ዝም የተባለውን ነው።

መጀመሪያ ስለሚያሳክከው እንናገር። እከክን የማያውቅ ቤት የለም። እከክን የምታመጣው በጣም ትንሽ ነፍሳት ናት። በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል። ቆዳን ቦርቡራ ትገባና እንቁላሏን ትጥላለች። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ታሳክካለች። ሌሊት ይብሳል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ቅባት ነው።

ታዲያ እከክ ለምን ተመልሶ ይመጣል? ሰው የሚቀባው የሚያሳክከውን ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው። ነፍሳቷ አዲስ ሰው ላይ ከወጣች በኋላ ማሳከክ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ሰውየው ደህና ይመስላል። ስለዚህ የቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባ። የሚያሳክከውም የማያሳክከውም። ልብሱና አንሶላው በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከተቀባችሁ በኋላ ማሳከኩ 2 ወይም 3 ሳምንት ቢቆይ መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ አትደንግጡ።

ቋቁቻም አለ። አንገት፣ ደረትና ጀርባ ላይ ነጣ ነጣ ብሎ ይወጣል። ሲፋቅ ብናኝ አለው። ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ጭርት ግን በቅባት ብቻ አይድንም። የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ከገበያ ስሙን የማታውቁትን ቅባት ገዝታችሁ አትቀቡ። አንዳንዱ ማሳከኩን ያስታግስና ሕመሙን ከሥር ያስፋፋዋል።

አሁን ወደ ዝምተኛው እንምጣ።

የምናውቃቸው አንድ ገበሬ አሉ። ክንዳቸው ላይ የሳንቲም ያህል ነጣ ያለ ምልክት ወጣ። አያሳክክም፣ አያምም። ጎረቤት «ቋቁቻ ነው» አለ። ሦስት ዓመት ተቀመጠ። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ሳለ የሚያር ነገር ሸተታቸው።

«ምን እያረረ ነው?» አሉ።

ባለቤታቸው ዞር ብለው አዩና፣ «ኧረ አንቱ! ክንድዎ!» ብለው ጮኹ።

ፍም ክንዳቸው ላይ ወድቆ ነበር። እሳቸው አልተሰማቸውም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሕመሙ ሥጋ ደዌ ሆኖ ተገኘ።

ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም። ከዘርም አይመጣም። የሚያመጣው ጀርም ነው። ጀርሙን በ1873 እ.ኤ.አ. ሃንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም አገኘው። የሚተላለፈው መድኃኒት ካልጀመረ በሽተኛ ጋር ረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ነው። አብዛኛው ሰው ጀርሙ ቢደርስበትም አይታመምም። የሚታመመውም ወዲያው አይታመምም። 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጀርሙ ነርቭን ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ እጅ እሳቱን አያውቅም፣ እግር እሾኩን አያውቅም። ጣት የሚጠፋው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ቁስል ነው።

ቤታችሁ የምታደርጉት ቀላል ምርመራ አለ። ጥጥ ውሰዱና ጫፉን አሹሉት። ምልክት ያለበት ሰው ዓይኑን ይጨፍን። በጥጡ ጫፍ ሳትጫኑ ቆዳውን ንኩት። አንድ ጊዜ ደህናውን ቆዳ፣ አንድ ጊዜ ምልክቱን። የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ምልክቱ ላይ ስትነኩት ዝም ካለ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በመርፌና በእሳት እንዳትሞክሩ አደራ!

ጥጡ ተሰማኝ ብሎ መቀመጥም አይበቃም። ቅንድብ ከረገፈ፣ ፊት ወይም ጆሮ ላይ እብጠት ከወጣ፣ እጅና እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ መታየት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከትዳሩና ከማዕዱ አይለይ። አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፦ መድኃኒቱ ሽንትን ያቀላል፣ ቆዳንም ሊያጠቁር ይችላል። ብዙ ሰው ደም መስሎት ደንግጦ ያቋርጣል። ሲጨርሱ ይለቃል። ነገር ግን ምልክቱ ቢያብጥና ቢቀላ፣ እጅና እግር በድንገት ቢያም ወይም ቢደነዝዝ በዚያው ቀን ተመለሱ። መድኃኒቱን ከጨረሱ በኋላም ቢሆን።

ፊት ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የማያም ቁስልም ዝምተኛ ነው። በደጋ አገር ቁንጭር የምንለው እንዲህ ነው። የሚያመጣው በትንሽ ዝንብ ንክሻ የሚገባ ጀርም ነው። አንድ ወር ሙሉ ያልዳነ ቁስል፣ መልኩንና መጠኑን የሚቀይር ጥቁር ነጥብ፣ ታክሞም የሚመለስ ሽፍታ፣ እነዚህ ሁሉ የቆዳ ሐኪም ይፈልጋሉ። ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ቢላጥ፣ ትኩሳት ቢኖር፣ አፍና ዓይን ቢቆስል ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

የቆዳ ሐኪም በየወረዳው የለም። መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሩ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እነሱ ወረቀት ጽፈው ይልኳችኋል። በአዲስ አበባ አለርት አለ። በወሎም ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ።

ገበሬው መድኃኒታቸውን 6 ወር ወስደው ጨረሱ። ጀርሙ ጠፋ። የሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻቸው ስሜት ግን አልተመለሰም። ጀበና ሲያነሱ በጨርቅ ይይዛሉ። ማታ ማታ እጃቸውን በመብራት ያያሉ፣ የቆሰለ እንዳለ ብለው። የጤና ሠራተኞቹ የቤቱን ሰው ሁሉ መርምረው ነበር። ከልጆቻቸው አንዷ ጀርባዋ ላይ ምልክት ተገኘባት። እሷም መድኃኒቷን ጨርሳለች። ጣቶቿ ሁሉ ደህና ናቸው፣ ዛሬ ከእናቷ ጋር ጥጥ ትፈትላለች።