መርዶ በሌሊት አይነገርም

በእኛ አገር መርዶ በሌሊት አይነገርም። ዘመድ ወሬውን በሆዱ ይዞ ያድራታል እንጂ የተኛ ሰው ቀስቅሶ አያረዳም። የሚሄዱት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ለሐዘንተኛው የሚቀርብ፣ አነጋገር የሚያውቅ፣ ቢወድቅ የሚደግፍ ሰው አይጠፋም። ለጎረቤት ቀድሞ ሹክ ይባላል። በሩ የሚንኳኳው ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ጎህ ሲቀድ ነው። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን እንኳ ይህን አልተዉም። ከአዲስ አበባ የሚደወለው ለሟች ልጅ ሳይሆን ለጓደኞቹ ነው። እነሱ ተጠራርተው፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ይደርሳሉ።

አሁን ደግሞ የእኛን ማታ እንየው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነን፣ ብቻችንን ነን። ስልኩ የመቶ ሰው መርዶ በተከታታይ ያረዳናል። አንዱ ከጋዛ፣ አንዱ ከሱዳን፣ አንዱ ከዩክሬን፣ አንዱ ከገዛ አገራችን። ቀጥሎ የቀልድ ቪዲዮ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሌላ መርዶ። የሚደግፈን የለም፣ አብሮን የሚያለቅስ የለም፤ አውራ ጣታችን ብቻ ወደ ላይ ትገፋለች። ጠዋት ስንነሳ ምን እንደከበደን እንኳ አናውቀውም።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ እንዲህ የጨነቀን ዓለም ስለከፋች ብቻ አይደለም። ክፉ ወሬ የምንሰማበትን ሥርዓት ስላጣን ጭምር ነው።

«ታዲያ ዜና አትስማ፣ የውስጥ ሰላምህን ጠብቅ» የሚሉ አሉ። ቲክቶክ በዚህ ምክር ተሞልቷል። ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። እናቱ ወሎ ያለች ልጅ፣ እህቷ ቤይሩት የምትሠራ ልጅ እንዴት ብለው ነው ዜና የማይሰሙት? ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። እዚህ አዲስ አበባ፣ ወላጆቻቸው ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ወራት የቆጠሩ ልጆች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለእነዚህ ሰዎች አንዲት ወሬ ማግኘት እንደ መተንፈስ ነበር። «ስልክህን ዝጋ» የሚለው ምክር የሚሠራው፣ የሚያሳስበው ሰው ለሌለው ነው።

መርዶ እኮ ወሬ መደበቅ አይደለም። እውነቱ ሙሉ በሙሉ ይነገራል። ልዩነቱ ሦስት ነገሮች አብረውት መምጣታቸው ነው፦ ጊዜ፣ ሰው እና ሥራ።

ከጊዜ እንጀምር። ድሮ የቴሌቪዥን ዜና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይጀምርና ያልቃል። ያልቃል የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አሁን የሚያልቅ ነገር የለም። እስክትደክሙ ድረስ ወደ ታች የሚወርደውን ማለቂያ የሌለው ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር ነው፤ ኋላ ላይ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ምን ያህል እንደተጨነቁ ጠየቁ። በዚያ ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ፍንዳታው ሲያዩ፣ ሲያነቡና ሲሰሙ የዋሉት፣ ቦታው ላይ ከነበሩት የበለጠ የጭንቀት ምልክት አሳዩ። እዚያው የነበረ ሰው ያየው አንዴ ነው። እነዚያ ደጋግመው አዩት።

ሁለተኛው ሰው ነው። አንዲት ጓደኛዬ የአያቷን ሞት ያወቀችው ታክሲ ውስጥ፣ የአክስቷ ልጅ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው ፎቶ ነው። «ነፍስ ይማር» የሚል ኮሜንት ከ40 ሰው በላይ ጽፎ ነበር። ከአጠገቧ የተቀመጡት ግን አያውቋትም። «የአያቴ መሞት እንዳለ ሆኖ፣ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ መልስ መስጠት አቃተኝ፤ ያን አልረሳውም» አለችኝ። አያቷ የተወደዱ ሰው ነበሩ፣ ዘመዱም ክፉ አይደለም። ግን ማንም አስቀድሞ ቤቷ አልሄደም።

ሦስተኛው ሥራ ነው፤ በጣም የምንረሳው እሱን ይመስለኛል። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ አዝኖ አይቀመጥም። ድንኳን የሚተክል አለ፣ አግዳሚ የሚሸከም አለ፣ ንፍሮ የሚቀቅል አለ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ ብርጭቆ ያመላልሳል። ሐዘኑም ቀን አለው፤ ክርስቲያኑ ሠልስትና አርባ ይላል፣ ሙስሊሙ ሰደቃውን ያወጣል። ስልክ ላይ ግን የሺህ ሰው ሐዘን ሰምተን የምንሸከመው አንድ አግዳሚ የለም። እጅ ሥራ ሲያጣ ሐዘን ወደ ጭንቀት ይለወጣል።

እና ምን እናድርግ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስልኬን ሳሎን ነው የማሳድረው። ማታ ዳታ ይዘጋል፤ ጥሪ ግን ክፍት ነው፣ ድምፁም ከፍ ይላል። የእውነት የሚፈልገኝ ሰው ይደውላል። ዜና ጠዋት ቁርስ ከበላሁ በኋላ አያለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደግማለሁ፣ በቃ። ከባድ ነገር ከሰማሁ ደግሞ ለብቻዬ አላብሰለስለውም፤ ቡና በተፈላበት አነሳዋለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ሰዓት ይፈጃል። ሦስተኛው ስኒ ላይ ወሬው ያው ወሬ ነው፣ የተሸከመው ሰው ቁጥር ግን ጨምሯል።

ከዚያ አንድ ሥራ እፈልጋለሁ። ትንሽ ትሁን። ስለ ሱዳን ጦርነት አንጀታችሁ ከተላወሰ፣ ከጦርነቱ ሸሽተው አዲስ አበባ የገቡ ሱዳናውያን አሉ፤ ሰፈራችሁ ካሉ ሰላም በሏቸው፣ ሱቁን አሳዩአቸው። ስለ ቆሰሉ ሰዎች ካነበባችሁ፣ ደም ባንክ ሄዶ ደም መስጠት ይቻላል። ዘመዳችሁ ያለበት ከተማ ስሙ ከተነሳ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉለት። ጦርነቱን አታቆሙትም። ግን ያን ቀን አንድ አግዳሚ ተሸክማችኋል።

ይህን ስል ኑሮ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የቤት ኪራይ በመረጋጋት አይከፈልም፣ ዘይትም በጸሎትና በቡና አይረክስም። ግን በብዙ መከራ ያለፉ አያቶቻችን ሳይሰሙ የቀሩ ሰዎች አልነበሩም። ረሃብም ጦርነትም አይተዋል። ሰምተው የሚቆሙበትን መንገድ ግን ለዘመናት ሠርተው አስቀምጠውልናል። ይህን መንገድ ከሰፈር ወደ ስልክ ማሻገር የእኛ የወጣቶቹ ሥራ ነው፤ የቤተሰብ ግሩፑን የከፈትነውም እኛ ነን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ክፉ ወሬ ልትለጥፉ ጣታችሁ ሲሄድ፣ ማን ብቻውን ሆኖ እንደሚያነበው አስቡ። እናት አለች፣ ነፍሰ ጡር እህት አለች፣ ዱባይ በፈረቃ የሚሠራ ወንድም አለ። መጀመሪያ አጠገባቸው ላለ ሰው ደውሉ። ሰዓቱ ከመሸ ደግሞ ያዙት፣ ይንጋ።