12ኛው ተጫዋች ሲረሳ

የኢትዮጵያ ቡናን ደጋፊ ፀሐይም ዝናብም አይበግረውም። ክለቡ በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አብሮ ጨፍሯል፤ ዋንጫው በራቀባቸው ዓመታትም ቡናማና ቢጫውን ለብሶ ሲዘምር ኖሯል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሊጉ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በባሕር ዳር ሲካሄድ ግን ካታንጋና ሚስማር ተራን የለመደው የመዲናዋ ደጋፊ ወይ የመኪናና የአልጋ ከፍሎ መጓዝ፣ ወይ ዲ.ኤስ.ቲቪ ያለበት ቤት ሻይ አዝዞ ማፍጠጥ ነበር ዕጣው።

ደጋፊ “12ኛ ተጫዋች” እየተባለ ይሞገሳል። ሙገሳ ግን የአውቶቡስ ትኬት አይቆርጥም! ሜዳ ሲመረጥ፣ ፕሮግራም ሲወጣ እሱም ይታሰብ። የክለብን ማሊያ የሚገዛው፣ ተጫዋቹን “በርታ!” የሚለው እሱ ነዋ። ባዶ ወንበር አያጨበጭብም።