ባንዲራ ሊተክሉ ሄደው መለኪያ የተከሉ

እ.ኤ.አ. በ1943 መገባደጃ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳይበርድ፣ ለንደን በምሥጢር አንድ የባሕር ኃይል ቡድን ወደ አንታርክቲካ ላከች። ዘመቻው «ታባሪን» ተባለ፤ ስሙ የተወሰደው ከአንድ የፓሪስ የጭፈራ ቤት ነው። የቡድኑ መሪ ጄምስ ማር በሙያው የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ቢሆንም የተጓዘው የባሕር ኃይል ማዕረግ ይዞ ነበር። በፌብሩዋሪ 1944 ፖርት ሎክሮይ በተባለው ወደብ «ቤዝ ኤ» የተሰኘው የእንጨት ቤት ቆመ።

ዋናው ዓላማ ሳይንስ ነበር ማለት ራስን ማታለል ነው። አርጀንቲናና ቺሊ በዚያው ምድር ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ነበራቸው፤ ብሪታንያም ሰው አስፍራ፣ ፖስታ ቤት ከፍታና ቴምብር አትማ መሬቱ የእኔ ነው ለማለት ፈልጋለች። ነገር ግን ከሰፋሪዎቹ መካከል የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዕፅዋት ተመራማሪ ማክኬንዚ ላም ይገኝ ነበር። እርሱ በዓለት ላይ የሚበቅሉ ሊከኖችን ሲሰበስብ ሌሎቹ የአየር ጠባይ ይመዘግቡ ነበር። ጣቢያው ኋላ ላይ ወደ ሲቪል አስተዳደር ተዛውሮ፣ የሬድዮ ሞገድ የሚያንጸባርቀው የላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ይጠናበት ጀመር።

ወታደር ያቆመው ጣቢያ እውነተኛ ሳይንስ ሊሆን አይችልም የሚል ክርክር ዛሬም ይሰማል። የቺሊ ባሕር ኃይል በ1947 የከፈተው አርቱሮ ፕራት ጣቢያም በዚሁ ዓይን ይታያል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በ1952 በሆፕ ቤይ አርጀንቲናውያን በእንግሊዞች አናት ላይ መትረየስ ተኩሰዋል። ሆኖም የ1959ኙ የአንታርክቲካ ስምምነት ጥያቄውን በብልሃት ፈትቶታል፦ ወታደራዊ ተግባር ተከለከለ፤ ወታደሩና መርከቡ ግን ምርምርን እንዲያገለግሉ ተፈቀደ። በዚያ ላይ የምርምር ውጤት ለሁሉም ክፍት እንዲሆንና ጣቢያዎቹ በሌሎች አገሮች ታዛቢዎች እንዲፈተሹ ተደነገገ። ስለዚህ መመዘኛው የመለዮው ዓይነት ሳይሆን የመዝገቡ ግልጽነትና ቀጣይነት ሊሆን ይገባል።

ቀጣይነት የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1956 በመሠረተው የሃሊ ጣቢያ፣ ዶብሰን በተባለው መሣሪያ ኦዞን ዓመት ከዓመት ይለካ ነበር። መሣሪያው ከፀሐይ የሚመጣውን ጨረር በተለያየ የሞገድ ርዝመት አነጻጽሮ፣ ኦዞን ምን ያህሉን እንደዋጠው ያሰላል። ለዓመታት አንድም ዜና የሚሆን ነገር አልተገኘም። በኋላ ግን ቀድሞ 300 ዶብሰን ገደማ የነበረው የኦክቶበር ወር አማካይ በ1984 ወደ 200 ገደማ ወርዶ ታየ። ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን ውጤቱን በሜይ 1985 አሳተሙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። የቀደመው አሰልቺ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ዝቅ ማለቱ በምን ይታወቅ ነበር?

ምፀቱ፣ የብሪታንያ አንታርክቲካ ጥናት በጀት ከፍ ያለው ከ1982ቱ የፎክላንድ ጦርነት በኋላ መሆኑ ነው። ገንዘቡን ያስፈታው የኦዞን ፍቅር አልነበረም። መንግሥት በባንዲራ ምክንያት የሰጠውን ገንዘብ ሳይንቲስቶቹ ለመለኪያ ማዋላቸው ግን የሚነቀፍ አይደለም።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። ሃሊን የወለደው የ1957–58 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን እጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቁሟል። አዲስ አበባ ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት፤ በሰማይዋ ላይ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት በዋልታ ጣቢያ ሊለካ አይችልም። ለዚህ ሥራ የባሕር ኃይልም ሆነ በረዶ ሰባሪ መርከብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የማይቋረጥ መብራት፣ ጥቂት የሠለጠኑ ሰዎችና ዜና ባልተገኘበት ዓመትም የማይታጠፍ በጀት ነው።