የወንዝ አቤቱታ ወዴት ይቅረብ? በሬሳን ከሕግ አውጪው ፊት ስለማድረስ

የሰሜን ሸዋ ደጋ የሁለት ተፋሰሶች ራስ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈው በሬሳ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ጋር ወደ ዓባይ ይገባል። ከአንኮበር አፋፍ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ውሃዎች ግን ፊታቸውን ወደ አዋሽ ያዞራሉ። በአንድ የክረምት ቀን በዚህ ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ ከፊሉ ወደ ሱዳንና ግብፅ፣ ከፊሉ ወደ አፋር ቆላ ይጓዛል። ይህ የመልክዓ ምድር ሐቅ ሕጋዊ ትርጉም አለው፤ ትርጉሙ ግን በአካባቢው ስለ ወንዝ ብክለት በሚደረገው ውይይት ብዙም ሲነሣ አይሰማም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ውሃን የሚጠብቁ የሕግ ዋስትናዎች ጸንተው እንዲቆዩ ከተፈለገ የወንዝ ዳር ነዋሪ ድምፁን ለአስፈጻሚው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ለመረጠው ሕግ አውጪ ማሰማት ይኖርበታል፤ የምርምር ተቋማትም ለዚህ ድምፅ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

ደብረ ብርሃን ከኢንዱስትሪ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። በኋላም የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ተከትለዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ከተማዋ በሕዝብ ብዛትም ሆነ በስፋት አድጋለች። ይህ ዕድገት የሥራ ዕድል አምጥቷል፤ ማንም አስተዋይ ሰው እንዲቆም አይመኝም። ይሁን እንጂ የፋብሪካም ሆነ የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ መድረሻ ይሻል። ደረጃውን የጠበቀ ማጣሪያ በሌለበት ቁልቁል የሚወርደው ሁሉ ማረፊያው ወንዝ ነው። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ ከብቱን ያጠጣል፣ ልብሱን ያጥባል፣ የጓሮ አትክልቱን በመስኖ ያለማል። ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ከውሳኔው ቦታ በታች የሚኖር መሆኑ የወንዝ ብክለትን ከሌሎች የልማት ችግሮች የሚለየው ባሕርይ ነው።

የሕግ መሠረት አልጎደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያውጃል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዝዛል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለመጠጥና ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ጥቅም ሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጥተዋል። የኋለኛው አንቀጽ 11 በተለይ ትኩረት ይሻል። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ የመመሥረት መብት አለው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ ድንጋጌ ለዜጋው ሰፊ በር የከፈተ ነው።

በሩ ግን በተግባር ጠባብ ሆኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ኃላፊነቱን አልተወጣም ሲል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ ውድቅ ሆነ። ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት ዳኞችን የሚያስወቅስ አይደለም። ፍርድ ቤት ሕጉ የሰጠውን ሥልጣን ይተረጉማል እንጂ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያ አይቀጥርም፣ ቤተ ሙከራ አይገነባም፣ በጀት አይመድብም። እነዚህን ማድረግ የሚቻለው በሕግ አውጪው በኩል ነው።

ከዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሕጉ በቂ ነው፣ የጎደለው አፈጻጸም ነው፤ ታዲያ ሕግ አውጪን መወትወት ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። ተቃውሞው የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ አፈጻጸም ራሱ የምክር ቤት ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፣ የመንግሥት ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፣ የአስፈጻሚውን አሠራር ይመረምራል። ሁለተኛ፣ የሕግ ዋስትና የሚጠፋው አዋጅ ሲሻር ብቻ አይደለም፤ አዋጁ ሳይነካ ጉልበቱ ሊዝል ይችላል። የአካባቢ ጥበቃ ተቋማት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 295/1995 የልማት ሥራንና የቁጥጥር ሥራን በተለያዩ ተቋማት እጅ ማስቀመጥ የጥቅም ግጭትን እንደሚያስቀር በመግቢያው ገልጿል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የተፅዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥልጣን በውክልና ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ተሰጠ። ኢንቨስትመንት እንዲያስፋፋ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ያንኑ ኢንቨስትመንት እንዲገመግም ተደረገ ማለት ነው። የፌዴራሉ ተቋምም በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆኗል። በእያንዳንዱ ለውጥ መካከል የበሬሳ ዳር ነዋሪ አስተያየቱን እንዲሰጥ የሚያስችለው አጋጣሚ ነበር፤ ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ የተመራበት ጊዜ። ያ ጊዜ አጭር ነው፤ ካለፈም በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ የተቆረጠ ጉዳይ ላይ የሚወድቅ ነው።

ወደ ተፋሰሱ ጉዳይ መመለስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙና ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችን አጠቃቀም የሚመለከተው ሕግ የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። በሬሳና የአንኮበር ውሃዎች የዓባይና የአዋሽ ገባሮች እንደመሆናቸው የሰሜን ሸዋ መራጭ ወደ አዲስ አበባ የላከው ተወካይ በጉዳዩ ላይ ቀጥተኛ ሥልጣን አለው። የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር በፌዴራል ሕግ መሠረት የክልሉ ስለሆነ፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት የሚመደበው የሰው ኃይልና በጀት የክልሉን ምክር ቤት አባል ይመለከታል። የቆሻሻ አወጋገድና የወንዝ ዳር ይዞታ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት አጀንዳ ነው። አንድ ጥያቄ ለሦስቱም በአንድ ቃል ቢቀርብ እያንዳንዱ ወደ ሌላው ይመራዋል፤ ለየሥልጣናቸው ተለይቶ ቢቀርብ ግን ማምለጫ አይኖርም።

በሸዋ ታሪክ አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አቤት ባይ ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናት የሚፈጸመው በባለሥልጣኑ በጎ ፈቃድ ነው፤ ባለጉዳዩም የሚጠብቀው ቸርነትን ነው። ሕግ አውጪን መወትወት ከዚህ በመሠረቱ ይለያል። ተወካዩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው፤ የመራጩን አመኔታ ካጣም ከውክልናው ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የመራጩ ደብዳቤ ልመና አይደለም። አቤቱታ የማቅረብ መብትም በአንቀጽ 30 ከሰላማዊ ሰልፍ መብት ጎን ሰፍሯል። በተደራጀ መልኩ ለመወትወትም ሁኔታው ከቀድሞው ይሻላል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ነክ ሥራ አግዶ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን ድርጅቶች ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ የማቅረብ መብት እንዳላቸው አረጋግጧል።

የሕግ አውጪው መንገድ በተዘጋበት ጊዜ የሚከተለው ምን እንደሆነ በለገ ደንቢ ታይቷል። የወርቅ ማዕድኑ ጤናችንን ጎድቷል ይሉ የነበሩ ነዋሪዎች ጥያቄ የተሰማው በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ የፈቃዱ እድሳት ከታገደ በኋላ ነበር። በተቃራኒው በአሜሪካ የኩያሆጋ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በእሳት ከተያያዘ በኋላ የዜጎች ግፊት ወደ ምክር ቤቱ አመራ። በ1972 ኮንግረሱ የንጹሕ ውሃ ሕግን የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቃውሞ ሽሮ አጸደቀ። ሁለቱ አገሮች በሀብትም በሥርዓትም አይወዳደሩም። ንጽጽሩ የሚያሳየው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፤ አደባባይ አንድን ፈቃድ ሊያስቆም ይችላል፣ ለሁሉም ወንዝ የሚሠራ ደንብ የሚወጣው ግን ከምክር ቤት ነው።

በእርግጥ በዚህ ወቅት ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም። ክልሉ ባለፉት ዓመታት ያለፈበት ግጭት ተወካይና መራጭ እንዳይገናኙ አድርጓል፤ ዕለታዊ ደኅንነቱ የሚያሳስበው ሰው ስለ ወንዝ ቢያስብም ቅድሚያ ላይሰጠው ይችላል። ሆኖም ኢንቨስትመንትም ሆነ ፍሳሽ ሰላምን ጠብቀው አይቆሙም። በችግር ጊዜ ያለ ክርክር የላሉ ዋስትናዎችን በሰላም ጊዜ መልሶ ማጥበቅ ከባድ ነው። የሥራ ዕድል ይጠፋል የሚለው ስጋትም ቢሆን መልስ አለው። ሕጉ በሁሉም ላይ በእኩል ሲፈጸም የሚጎዳው ማጣሪያ የገነባው ፋብሪካ አይደለም። እንዲያውም ዛሬ የሚጎዳው ወጪውን ችሎ ሕግ ያከበረው ነው።

የምርምር ማኅበረሰቡ ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። የምክር ቤት አባል የውሃ ኬሚስት እንዲሆን አይጠበቅም፤ ገበሬውም በውሃው ውስጥ ያለውን ክሮሚየም በዓይኑ አይለካም። በሁለቱ መካከል የጎደለው በአማርኛ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ የማይሞላ ማስረጃ ነው። ናሙናው የተወሰደበትን ቦታና ወቅት፣ ውጤቱ ከአገሪቱ የፍሳሽ መመዘኛ ጋር ያለውን ልዩነት፣ የተጣሰውን አንቀጽና የሚጠየቀውን አንድ ውሳኔ የያዘ መሆን አለበት። ስለ በሬሳ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመደርደሪያ ከቀረ ወንዙን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። የድኅረ ምረቃ ክፍሎች እያንዳንዱ የአካባቢ ጥናት እንዲህ ያለ አጭር የአማርኛ መግለጫ እንዲያያዝበት ቢያደርጉ፣ መግለጫውም ለቋሚ ኮሚቴውና ለየወረዳው ተመራጭ እንዲላክ ቢወስኑ፣ ከተማሪው የሚጠይቀው ጥቂት የሥራ ቀናት ነው። ነዋሪውም በምላሹ ከአቤት ባይነት ወደ ተጠያቂ አድራጊነት ይሸጋገራል። ያኔ ተወካዩ «አልሰማሁም» ሊል አይችልም፤ ድምፁን የሚሰጥበት ወይም የሚነፍግበት ምክንያትም በመዝገብ ይቀመጣል።